«መጣሁ» ብሎ የሚወጣ ሰው፦ የዕለት አማርኛችንን ወደ እንግሊዝኛ ስንመልስ

አንድ ሰው ከተቀመጠበት ብድግ ይልና «መጣሁ» ብሎ ይወጣል። አብረውት ከነበሩት አንዱም አይደናገርም። ቶሎ ይመለሳል ማለት ነው። ይህችን ቃል እንዳለች ወደ እንግሊዝኛ ብንወስዳት «አይ ኬም» ትሆናለች። እንግዳው «መጣሁ» እያለ በር ከፍቶ የሚወጣ ሰው ሲያይ ምን ይበል? እንግሊዝኛ ተናጋሪ በዚያ ቦታ የሚለው «አይል ቢ ራይት ባክ» ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በሰሜን ሸዋ የብዙ ሰው የዕለት ሥራ ነው። መንዝ ጓሳ ላይ እንግዳ የሚመራ ወጣት ያስተረጉማል። ደብረ ብርሃን ላይ ለእናቱ የሐኪም ወረቀት የሚያነብ ልጅ ያስተረጉማል። ውጭ አገር ተወልዶ አማርኛ ያልለመደ የልጅ ልጅ አንኮበር አያቱ ቤት ሲገባ፣ መሀል ላይ የሚቀመጥ አንድ ሰው አይጠፋም። አብዛኞቹ ለዚህ ሥራ አልተማሩም። እንግሊዝኛ ትንሽ ስለሚችሉ ብቻ «እስቲ ንገርልን» ይባላሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው። ሰውዬው ይህን ሲል ምን እያደረገ ነው? እየለመነ ነው? እየመረቀ ነው? እያጽናና ነው? ወይስ አንድ መረጃ እየሰጠ ነው? መልሱ ከታወቀ እንግሊዝኛው አይከብድም። ችግር የሚመጣው ከቃሉ ስንጀምር ነው።

ያለፈ የሚመስል አሁን

«መጣሁ» ብቻውን አይደለም። አማርኛ ባለፈ ጊዜ ግስ የአሁኑን ሁኔታ ይናገራል። «ራበኝ» ስንል የራበን አሁን ነው። «ጠማኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ገባኝ» እንደዚያው ናቸው። በእንግሊዝኛ ሁሉም ወደ አሁን ይመጣሉ፤ «አይ አም ሃንግሪ»፣ «አይ አም ታየርድ»፣ «አይ አንደርስታንድ»። «አይ ዎዝ ሃንግሪ» ብላችሁ ከተረጎማችሁ፣ ሰሚው ረሃቡ ያለፈ ይመስለዋል።

በሩ ላይ ቆሞ «ሄድኩ» የሚል ሰውም ገና አልሄደም። ሊሄድ መሆኑን እየተናገረ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኘን ወዳጅ «ጠፋህ!» ስንለው ደግሞ መንገድ ስቷል ማለታችን አይደለም። ናፍቆትና ትንሽ ወቀሳ አለበት። «ሎንግ ታይም ኖ ሲ» ናፍቆቱን ያደርሳል። ወቀሳውን በፊታችሁና በድምፃችሁ አሟሉት።

ምርቃቱ፣ ምሕላው፣ ማጽናናቱ

ዋናው ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። የአማርኛ የዕለት ንግግር ግማሹ ጸሎት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እናመሰግናለን ለማለት «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። ላነጠሰ ሰው «ይማርህ»፣ ለታመመም «እግዜር ይማርህ»። ለመጀመሪያው እንግሊዝኛ «ታንክ ዩ» አለው። ለሁለተኛው «ብሌስ ዩ» አለው፤ እሱም ድሮ ሙሉ ምርቃት ነበር። ለሦስተኛው «ጌት ዌል ሱን» ይበቃል።

ከባዶቹ ግን ሞትንና አፈርን የሚጠሩት ናቸው። መንዝ ውስጥ አንዲት እናት ለእንግዳቸው እንጀራ ጨምረው «በሞቴ!» ይላሉ። ቃል በቃል ከተተረጎመ እንግዳው ይደነግጣል። ማን ሊሞት ነው? እሳቸው እያደረጉ ያሉት ግን መለመን ነው። «ፕሊዝ፣ ጀስት ኤ ሊትል ሞር» ማለት ነው። «አፈር ስሆን» ሲባልም ነገሩ ያው ልመና ነው፤ ያን ጊዜ «አይ ቤግ ዩ» ይቀርበዋል።

«እኔን!» የምትለዋን እወዳታለሁ። እንግዳው ቁልቁለት ላይ አዳልጦት ይወድቃል። ከጎኑ ያሉ አሮጊት «እኔን! እኔን!» ይላሉ። በአንተ ፈንታ እኔን ያግኘኝ ማለታቸው ነው። እንግሊዝኛው በዚያች ቅጽበት የሚለው «አር ዩ ኦኬ?» ነው። አንዱ ራሱን ምትክ አድርጎ ያቀርባል፤ ሌላው ጥያቄ ይጠይቃል። ሁለቱም የሚያደርጉት አንድ ነው፤ መውደቅህ አሳስቦኛል ይላሉ።

«አይዞህ» አንድ ትርጉም የላትም። ዳገት እየወጣ ለደከመው «ኪፕ ጎይንግ፣ ዩ ካን ዱ ኢት» ነች። ለታመመ «ዩ ዊል ቢ ፋይን» ነች። ለሚያለቅስ ሰው ደግሞ «ኢትስ ኦኬ፣ አይ አም ሂር» ብትሉት ይሻላል። ለሁሉም «ዶንት ዎሪ» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። ሐዘን ላይ ያለን ሰው «አትጨነቅ» ማለት በእንግሊዝኛ ሐዘኑን ማቃለል ይመስላል።

ለወለደች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። እንግሊዝኛው «ኮንግራቹሌሽንስ» ነው፤ ብዙ ጊዜም ስለ ሕፃኑ ይጨምራል። የእኛው ዓይኑ እናቲቱ ላይ ነው። ከምጥ በሕይወት መውጣቷን ያመሰግናል። ምጥ ብዙ እናት በወሰደበት አገር ይህ ቃል ለምን እንደቆየ ለመገመት አይቸግርም። ስለዚህ «ኮንግራቹሌሽንስ» ካላችሁ በኋላ «አንቺም በሰላም በመገላገልሽ ደስ ብሎናል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምሩ የተናጋሪዋ ልብ ይደርሳል።

የለቅሶ ቤት ጉዳይ በተቃራኒው አቅጣጫም ያሳስታል። «ነፍስ ይማር»ና «እግዜር ያጥናችሁ» በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ይሆናሉ። አዲስ አስተርጓሚ ይህን ሲሰማ «ይቅርታ» ብሎ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ሐዘንተኛው ይገርመዋል፤ እንግዳው ምን በድሎ ነው ይቅርታ የሚለምነው? «ሶሪ» ጥፋት ሲኖር ይቅርታ ነው፤ ጥፋት ከሌለ ማዘን ነው። «በሐዘናችሁ አዝናለሁ ይላል» በሉላቸው።

ታዲያ የቃል በቃሉ ትርጉም ይጣል? አይጣል። ጊዜ አለው። እንግዳው መልስ መስጠት ወይም አንድ ነገር ማድረግ ካለበት፣ መጀመሪያ የተፈለገውን ንገሩት። ረጋ ብሎ ሲቀመጥ «ቃሉ እንዳለ ግን እንዲህ ነው» ብላችሁ አጫውቱት። «በሞቴ»ን በማዕድ መሀል ሳይሆን ከቡና በኋላ ብታብራሩለት ዕድሜ ልኩን አይረሳትም።

እርስዎ፣ እሳቸው፣ አንቱ

አማርኛ አንድን ሰው ሲያናግር መጀመሪያ ደረጃውንና ጾታውን ይወስናል። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ ለሽማግሌም አንቱ። እንግሊዝኛ ለሁሉም «ዩ» አለው። እንደዚህ የሆነው በኋላ ነው። ድሮ ለአንድ ሰው «ዛው» የሚባል ቃል ነበራቸው፤ «ዩ» የብዙና የአክብሮት ነበር። ቀስ በቀስ የአክብሮቱ ቃል ሁሉንም ጠቀለለ፤ «ዛው» ከዕለት ንግግር ወጣ። ስለዚህ እንግዳው አያታችሁን «ዩ» ቢላቸው አንተ ማለቱ አይደለም። ወደ አማርኛ ስትመልሱት በእርስዎ አድርጉት።

በሌላው አቅጣጫ የእኛን አክብሮት የሚሸከም ሌላ ዕቃ መፈለግ አለባችሁ። እንግሊዝኛ አክብሮትን የሚያስቀምጠው በጥያቄ መልክ ነው። «ይምጡ»ን «ካም» ብላችሁ ከተረጎማችሁ ትእዛዝ ሆነ። «ዉድ ዩ ላይክ ቱ ካም ኢን?» ሲሆን የተናጋሪው ትሕትና ይደርሳል። ሻይ ቤት ገብተን «አንድ ቡና ስጪኝ» ማለት በእኛ ዘንድ ነውር የለበትም፤ ድምፃችን ለስላሳ ከሆነ ይበቃል። «ጊቭ ሚ ኮፊ» ግን በእንግሊዝኛ ይሻክራል። «ካን አይ ሃቭ ኤ ኮፊ፣ ፕሊዝ?» በሉ።

«እሳቸው» ደግሞ ሌላ ፈተና አላት። ወንድ ትሁን ሴት አትናገርም። እንግሊዝኛ ግን «ሂ» ወይም «ሺ» እንድትመርጡ ያስገድዳል። አብራችሁ የተቀመጣችሁ እናንተ ስለ ማን እንደሚወራ ታውቃላችሁ። ስልክ ላይ ያለው የትርጉም መተግበሪያ ግን አያውቅም። አያቴ ስለምትሉት ሰው የጻፋችሁትን ሁሉ ወንድ አድርጎት ሊያልፍ ይችላል።

የማስተርጎም ሥራ በአካባቢያችን ጥንታዊ ነው። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ሸዋ ገብቶ አንኮበር ኖሯል። ካፒቴን ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ ልዑክ በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ በማስተርጎም ረድቷል። በዚያው ዓመት የባልደረባው የኢዘንበርግ የአማርኛና እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለንደን ታተመ። መዝገበ ቃላት ቢኖርም መሀል የሚቀመጥ ሰው አስፈልጓል። ዛሬም እንደዚያው ነው።

ሐኪም ፊት

ወግ ላይ ብንሳሳት ተሳስቀን እናልፈዋለን። ሐኪም ፊት ግን ስሕተት አካል ይጎዳል። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

«ራሴን አመመኝ» ማለት ራስ ምታት ነው። «ራስ» ግን ጭንቅላትም ናት፣ እኔነትም ናት። ሳያስተውል የሚተረጉም ሰው ወይም መተግበሪያ «ራሴን ጎዳሁ» የሚል እንግሊዝኛ ሊያወጣ ይችላል። ሐኪም ያንን ቢያነብ የሚጠይቀው ጥያቄ ፈጽሞ ሌላ ነው። «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው የጨጓራ ሕመም እንዳለበት እየተናገረ ነው። ጨጓራማ ሁላችንም አለን። «ስኳር አለብኝ» ዳያቢቲስ ነው። «ደም ብዛት» ደግሞ «ሃይ ብለድ ፕሬዠር» ነው። በደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ማለቱ እንጂ ደሙ መብዛቱ አይደለም። «እግሬን በላኝ» ማሳከክ ነው። «ሆድ ባሰኝ» ከሆድ ጋር አይገናኝም፤ ሰውዬው ሊያለቅስ ነው።

«ብርድ መታኝ»ና «ምች መታኝ» ቀጥተኛ አቻ የላቸውም። ደብረ ብርሃን ብርዱ የታወቀ ስለሆነ ለጉንፋኑም፣ ለወገብ ሕመሙም፣ ለሆድ ቁርጠቱም ብርዱ ይከሰሳል። እዚህ ላይ የበሽታ ስም አትምረጡ። «የት ያምዎታል? ከመቼ ጀምሮ? ትኩሳት አለ?» ብላችሁ ጠይቁና የተነገራችሁን ምልክት ተርጉሙ። በሽታውን መሰየም የሐኪሙ ሥራ ነው።

ከሁሉ በላይ የምሰጋላችሁ ግን አዎና አይደለም ላይ ነው። ቀዶ ጥገና ሊደረግለት የተዘጋጀ ሰው «ምግብ አልበሉም አይደል?» ተባለ እንበል። በአማርኛ «አዎ» ካለ አልበላሁም ማለቱ ነው፤ የጠያቂውን ንግግር እያጸደቀ ነው። በእንግሊዝኛ «የስ» ካላችሁ ግን ሰሚው በልቷል ብሎ ሊረዳው ይችላል። እንግሊዝኛ የሚያየው ግሱን ነው። ድርጊቱ ካልተፈጸመ «ኖ» ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አዎንም አይደለምንም ተዉና ሙሉውን ተናገሩ፤ «ሂ ሃዝ ኖት ኢተን»። ይህን ልማድ አድርጉት። ሌላ ምንም ከዚህ ጽሑፍ ባትይዙ ይህቺን ያዙልኝ።

ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን በአጭሩ «እህ» ስንል አዎ ማለታችን ነው። ለውጭ ሰው ይህ ድንጋጤ ወይም የመተንፈስ ችግር ሊመስለው ይችላል። በቃል «የስ» ብላችሁ አድርሱለት።

ሰዓትና ቀን

በሰዓት በኩል ስሌቱ አጭር ነው። የእኛ ሰዓት ከ1 እስከ 6 ከሆነ 6 ደምሩ፤ ከ7 እስከ 12 ከሆነ 6 ቀንሱ። ጠዋት 3 ሰዓት 9 ሆነ። ከሰዓት 9 ሰዓት 3 ሆነ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት «ኤ ኤም» ነው፤ የቀረው «ፒ ኤም»። ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሳ አውቶቡስ በእነሱ 5 ሰዓት «ኤ ኤም» ነው።

ሌሊቱ ግን ቀንም ያሳስታል። በእነሱ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ረቡዕ ማታ ተኝተን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብንነሳ፣ ለእነሱ ሐሙስ ከገባ 2 ሰዓት ሆኖታል። ትኬቱ ላይ ሐሙስ 2 «ኤ ኤም» ካለ፣ ዘመድ መቀበል ያለባችሁ ለሐሙስ አጥቢያ ነው። ሐሙስ ማታ የሄደ ሰው አንድ ቀን ዘግይቷል።

«የዛሬ ስምንት» የሚባለው አንድ ሳምንት ነው፤ ዛሬን ጨምረን ስለምንቆጥር ስምንት ይሆናል። «ኤይት ዴይስ» ካላችሁ እንግዳው በማግሥቱ ይመጣል። «አሥራ አምስት ቀን»ም ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። «የዛሬ ሳምንት» ደግሞ ወደፊትም ወደኋላም ይሄዳል። «የዛሬ ሳምንት መጣ»ና «የዛሬ ሳምንት ይመጣል» የሚለዩት በግሱ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ሁለት የተለያየ አባባል ይፈልጋል፤ «ኤ ዊክ አጎ» እና «ኤ ዊክ ፍሮም ቱዴይ»።

የልደት ቀን ሲጠየቁ «የኅዳር ሚካኤል ዕለት» የሚሉ እናቶች አሉ። ይህ ትክክለኛ ቀን ነው፤ ግምት አይደለም። ኅዳር 12 ማለት ነው። ዓመቱ 1990 ከሆነ በእነሱ ኖቬምበር 21፣ 1997 ነው። በዚያው በእኛ 1990 ጥምቀት የተወለደ ልጅ ግን ጃንዋሪ 19፣ 1998 ይሆናል። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ጃንዋሪ ከገባ በኋላ 8። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት ዓመቱ በሴፕቴምበር 12 ይጀምራል፤ ያን ጊዜ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ቀኖቹ ሁሉ በአንድ ይገፋሉ።

ስልኩስ?

ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ይጠቅማል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን የት እንደሚወድቅ ማወቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ማሽን የሚማረው በሁለት ቋንቋ ከተጻፉ ብዙ ጽሑፎች ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ ካለውም ብዙው መንፈሳዊ መጽሐፍና ዜና ነው። የጉሊት ወሬ፣ የማጀት ወሬ፣ የአውቶቡስ ውስጥ «ወራጅ አለ» እዚያ ውስጥ እምብዛም የለም።

ፊደላችንም መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና ነው» አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ገና ነው ማለት ይሆናል። «ይበላል» ሰውየው እንደሚበላ ወይም ምግቡ የሚበላ እንደሆነ ሊናገር ይችላል። ለእኛ ጆሮ ይለየዋል። ስልኩ ጽሑፉን ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ አጭር ቃል ብቻውን አትስጡት። ባለቤቱንና ጊዜውን ሞልታችሁ ጻፉለት፤ «ምግቡ ገና አልደረሰም»፣ «አያቴ ሴት ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል»። ከዚያ የወጣውን እንግሊዝኛ መልሳችሁ ወደ አማርኛ አስገልብጡት። የተለየ ነገር ከወጣ የመጀመሪያውን አትመኑ።

ባይተረጎሙ የሚሻሉ

የቦታ ስም አይተረጎምም። ጣርማ በር ጣርማ በር ነው፤ «በር» እዚህ የተራራ መተላለፊያ መሆኑን ግን ለእንግዳው ንገሩት። ቀይ ቀበሮን ግን በስሙ ቃል አትሂዱ። «ሬድ ፎክስ» ሌላ እንስሳ ነው። የእኛው በእንግሊዝኛ «ኢትዮጵያን ዉልፍ» ይባላል፤ ዝምድናውም ከተኩላ ወገን ነው። ጭላዳም «ጄላዳ» ትባላለች።

ጾም ይብራራ። «ፋስቲንግ ፉድ» ሲባል እንግዳ ይደናገራል፤ በእንግሊዝኛ ጾም በአመዛኙ ጨርሶ አለመብላት ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት መሆኑን ንገሩት፤ «ቪጋን» ካላችሁት ወዲያው ይገባዋል።

ዝምድናና ስም ቅጽ ላይ ሲሰፍሩ ግን ጠንቀቅ በሉ። የአክስት ልጅን ወንድሜ ማለት ወጋችን ነው። ለእንግዳ ስታስተዋውቁት «ብራዘር» ብትሉም ማንም አይጎዳም። የቪዛ ቅጽ ላይ ግን «ከዝን» ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ያለዚያ ከሌላ ወረቀት ጋር ሲጋጭ ሐሰት የተናገራችሁ ይመስላል። የአባት ስምም የቤተሰብ ስም በሚጠየቅበት ቦታ ይገባል እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ባልና ሚስት የተለያየ የአባት ስም ስላላቸው ያልተጋቡ የሚመስለው ሠራተኛ ሊያጋጥም ይችላል፤ ቀድማችሁ አስረዱ። ወልደ ማርያምን የመሰለ ስምም በሁለት ሳጥን አትክፈሉ። «ወልደ» አንድ ቦታ፣ «ማርያም» ሌላ ቦታ ከገባ በየወረቀቱ የተለየ ሰው ይሆናል። አያይዛችሁ እንደ አንድ ቃል ጻፉት፤ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የተጻፈበትን የእንግሊዝኛ ፊደል ቀድታችሁ ያዙ፣ ከዚያ በኋላ በሚመጣ በማንኛውም ቅጽ ላይ አንዲት ፊደል ሳትለውጡ እሱኑ ድገሙት።